በትንሿ ፕላስቲክ የሚሞት ጋሪ

የሚገፋ የጎልፍ ጋሪ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሕመም ታውቁታላችሁ። አሉሚኒየሙ ሳይጎብጥ፣ ቀለሙ ሳይለቅ፣ ሦስቱም ጎማ እየዞረ፣ ጋሪው አውራ ጣት በማታህል ፕላስቲክ ሰበብ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ማጠፊያው ላይ ያለችው መቆለፊያ ትሰነጠቃለች። ወይም ፍሬኑ የሚነክሳት ጥርስ ትበላለች። ወይም የፊቱን ጎማ አስራ የያዘችው ብሎን ጥርሷ ይሟልጣል። ዕቃዋን ፍለጋ ሻጩ ጋ ሲደወል የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ያ ሞዴል ቆሟል፤ አዲሱን ይግዙ።»

ይህን መልስ ዘንድሮ እኔም ሰማሁት። አብረውኝ የሚጫወቱት ጓደኞቼ በየተራ ሰምተውታል። ቅዳሜ ጠዋት ተራችንን ስንጠብቅ ከኳሱ ይልቅ የምናወራው ስለ ጋሪያችን ሆኗል፤ የማን ፍሬን ለቀቀ፣ የማን ጎማ ተላጠ፣ ማን ከማን የተጣለ ጋሪ ላይ ዕቃ ፈታ። ደክሞናል።

የምንጫወተው በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ ነው። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ በአጥር ስለታጠሩት የግል ክለቦች ከሆነ ልክ ነው። የሕዝቡ ሜዳ ግን ሌላ ነው። ላንግስተን የሚባለው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች አብዛኛው ሜዳ በተዘጋባቸው ጊዜ እንዲጫወቱበት ነው፤ ዛሬም ታክሲ ነጂው፣ ነርሱ፣ ጡረተኛውና ተማሪው ጎን ለጎን የሚቆሙበት ነው። በፖቶማክ ወንዝና በዋሽንግተን ቻናል መካከል ከወንዝ በወጣ ደለል ላይ የተዘረጋው ኢስት ፖቶማክም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚጫወት ሰው በእግሩ መሄድ ይፈልጋል። አንድም ለጤናው፣ አንድም ለኪሱ።

በእግር ለመሄድ ደግሞ ዕቃው አለ። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ቁጥር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ዱላው፣ ኳሱ፣ ውሃው፣ ዣንጥላው፣ የዝናብ ልብሱ ሲደመር ቦርሳው ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። 18ቱን ሆል ለመጨረስ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዴም አሥር ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ሳይቆጠር። ይህን ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ መዋል ለሃያ ዓመት ወጣት ይሆናል። ሃምሳን ላለፈ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ተቀምጦ ለሚውል ወገብ አይሆንም።

ጋሪ የሚገፋውን ሰው ሰነፍ አድርገው የሚያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዴንቨር ውስጥ ኒል ዎልኮዶፍ የተባለ የስፖርት ሳይንስ ባለሙያ ይፋ ያደረገው ጥናት ለእነሱ በቂ መልስ ይሰጣል። የተሳተፉት ስምንት ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ዘጠኝ ሆል ሲጫወቱ ቦርሳቸውን ሲሸከሙ 721 ካሎሪ፣ በጋሪ ሲገፉ 718 ካሎሪ አቃጥለዋል። በሜዳው የባትሪ መኪና ተቀምጠው ሲዞሩ ያቃጠሉት 411 ነው። ገፊው ከተሸካሚው የሚያንሰው በሦስት ካሎሪ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጨዋታውም የተሻለለት በጋሪ ሲገፋ ነበር። እኔ በወገቤ የማውቀውን ቁጥር ሲመሰክርልኝ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። እሮሮዬም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ የማይረባ ዕቃ ቢሆን ጥዬው እሄድ ነበር። በአንድ እጅ የሚጎተቱት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀምሮ ነበሩ፤ ትከሻ ያጣምማሉ፣ ሲቆሙ ይወድቃሉ። ሞንታና ውስጥ ሚዙላ የሚገኘው ሰን ማውንቴን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባለ ሦስት ጎማውን ወደ ፊት የሚገፋ ጋሪ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ትልልቅ ጎማ፣ ከፍ ያለ እጀታ፣ መታጠፍ የሚችል አካል መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉ። መሠረታዊው አሠራር ይኼው ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የተሠራበት ዕቃ መቆለፊያው ለምን በሁለተኛው ክረምት ይሰበራል?

ከሁሉ በፊት የሚያደክመው የፊት ጎማው ነው። የአብዛኛው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ የፊት ጎማ አይጠማዘዝም፤ ቀጥ ብሎ የታሰረ ነው። ለመታጠፍ እጀታውን ወደ ታች ጫን አድርጎ ፊቱን ከመሬት ማንሳትና ማዞር ይጠይቃል። እሱን እጅ ይለምደዋል። ችግሩ ጎማው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከመስመር ሲወጣ ነው። ደህናው ጋሪ ደልዳላ ሣር ላይ ገፋ አድርገው ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መስመሩን የሳተው ግን እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ግራ ይወስዳል፤ እናንተ ወደ ቀኝ ስትመልሱት እሱ ወደ ግራ፣ እንዲህ ስትባባሉ አራት ሰዓት ያልፋል። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። አሥረኛው ሆል ላይ ቀኝ አንጓችሁ ይግላል፣ አሥራ አራተኛው ላይ ዱላውን ስትጨብጡ ይሰማችኋል፣ ማታ ኩባያ ስታነሱ ታውቁታላችሁ። ቁልቁል በሚያዘነብል መሬት ላይ አግድም ሲሄዱማ ደህናውም ጋሪ ስለሚወርድ የታመመው ጨርሶ አይቻልም።

ማስተካከያ የለውም አልልም። ከጎማው ጎን አንዲት ብሎን አለች፤ አላልቶ፣ ሩብ ዙር አዙሮ፣ አጥብቆ፣ ገፍቶ መሞከር ነው። የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ በቀለም የተሰመረ መስመር ተከትሎ መሞከር ሣር ላይ ከመሞከር ይሻላል፤ ይህን የነገሩን ከእኛ መካከል ትልቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ይስተካከላል። ከዚያ ጋሪው ታጥፎ መኪና ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ ያንገጫግጨዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲወጣ እንደገና ወደ ግራ። ምክንያቱ ብሎኗ አይደለችም። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ የሚታጠፍበት ማጠፊያ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ስለሚበላ ነው። ቀለበቱ ሲሰፋ ሹካው ይወዛወዛል፤ ሹካው ሲወዛወዝ የብሎን ማስተካከያ የሰዓታት ዕድሜ ነው የሚኖረው። ያቺ ቀለበት ከነሐስ ብትሠራ ስንት ሳንቲም ትጨምር ነበር? ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ወደ ጎማው ልምጣ። የድሮዎቹ ጋሪዎች እንደ ልጅ ብስክሌት ጎማ አየር የሚነፋባቸው ነበሩ። ለስላሳ ናቸው፣ ሥር እና ጠጠር አይሰማቸውም፣ ግን እሾህ ያገኛቸዋል። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ከርመው ደግሞ በመጋቢት ሲወጡ መሬት ላይ ተኝተው ይገኛሉ። አዲስ አበባ ቢሆን ሰፈር ውስጥ ካለው ጎሚስታ ጋ ወስዶ በደቂቃዎች አስለጥፎ መመለስ ነው፤ የጋሪ ይሁን የብስክሌት፣ የኮንትራት ታክሲ ይሁን የአይሱዙ፣ ጎሚስታው አይመርጥም። እዚህ ግን የመኪና ጎማ ቤቶቹ አሥራ ሁለት ኢንች ጎማ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የብስክሌት ቤቶቹ ቫልቮላው አይገጥምም ይላሉ።

አሁን የመጣው አየር የማይፈልገው የፎም ጎማ ነው። «ጥገና አያስፈልገውም» ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፣ አይፈነዳም። ግን ያልቃል። የጠጠር መንገድና የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ቀስ በቀስ ይልጠዋል፤ በጋ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ሙጫውን ያላላዋል፤ ከዚያ ፎሙ ከቸርኬው ይለቅና ሲሽከረከር ይንሸራተታል። መለጠፍ የለም። አየር መንፋት የለም። መፍትሔው ሙሉ ጎማውን ከነኩሽኔታው መግዛት ነው። ጥገና አያስፈልገውም ያሉት ጥገና አይቻልም ለማለት ከሆነ ቀድመው በግልጽ ይንገሩን።

ፍሬኑ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ኢስት ፖቶማክ ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ፍሬን ቢኖር ባይኖር ለውጥ የለውም። ላንግስተን ላይ ግን ከኪንግማን ሐይቅ ዳር የሚሄዱ ሆሎች አሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያሉት ሜዳዎች ደግሞ ዳገትና ኩሬ የበዛባቸው ናቸው። ጋሪውን አቁማችሁ፣ ዱላችሁን መዛችሁ፣ ኳሱ ላይ ዐይናችሁን ተክላችሁ ሳለ ከኋላችሁ ድምፅ የሌለው ነገር ይጀምራል። ቀና ስትሉ ጋሪው ወደ ውሃው እየሄደ ነው። ስልኩ እዚያ ላይ ነው። የመኪናው ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። 14ቱ ዱላ እዚያ ላይ ነው። ከጓደኞቼ አንዱ እስከ ጉልበቱ ኩሬ ገብቶ ቦርሳውን ጎትቶ ያወጣበትን ቀን ማናችንም አንረሳውም፤ ስልኩ ውስጥ የነበረው የልጆቹ ፎቶ ግን አልተረፈም።

የፍሬኑ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ሲረገጥ አንዲት ዘንግ ከኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ካለው ጥርስ ትገባለች። ሁለተኛው በእጅ የሚጎተት ሲሆን በካቦ ጎማውን ይይዛል። የመጀመሪያው የሚሞተው ጥርሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ 20 ኪሎ ገደማ ጭነት በአንዲት ጥርስ ላይ ሲንጠለጠል ጫፏ ይበላል፣ ከዚያ ትዘልላለች። ሁለተኛው የሚሞተው ካቦው ስለሚለጠጥ ነው። ካቦው ማጥበቂያ አለው፤ በፒንሳ ይዞ ዳዶውን ማዞር ይቻላል፤ ግን ማጥበቂያው ጫፍ ሲደርስ ካቦው መቀየር አለበት። ካቦ የብስክሌት ሱቅ ሁሉ ያለው ዕቃ ነው። እነሱ ግን ጫፉን ሌላ ቦታ በማይገኝ ቅርጽ ስለሠሩት የብስክሌቱ አይገባም። ይህን ሆን ብለው አደረጉት ብዬ አልምልም። ውጤቱ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ተሻሽሏል፤ እሱን ላመስግን። ድሮ የመታችሁት ኳስ ነጥሮ የራሳችሁን ጋሪ ከነካ ቅጣት ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2019 የደንብ ለውጥ ወዲህ ሳይታሰብ ከነካ ቅጣት የለም። ደንብ አውጪዎቹ ጋሪ ገፊውን አስበውታል። አምራቾቹና ሜዳ አስተዳዳሪዎቹ ይህን ያህል ቢያስቡልን በወደድን።

ቦርሳው ጋሪው ላይ መዞሩም አለ። ከላይና ከታች በላስቲክ ይታሰራል፤ ላስቲኩ አዲስ እያለ ይይዛል፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይላላል። ከዚያ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ቦርሳው ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ውሃውና ኳሱ ያለበት ኪስ ወደ ታች ይሆናል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ የፊት ጎማውም ያንን ተከትሎ ይጎትታል። እግር ያለው ቦርሳ ይብሳል፤ እግሮቹ የታችኛው ማቀፊያ ውስጥ አይገቡም። ቦርሳና ጋሪ የሚያመርቱት ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ ሆኖም የራሳቸው ቦርሳ ራሳቸው በሠሩት ጋሪ ላይ አይቀመጥም። ዣንጥላ መያዣው ደግሞ አንድ ጠንካራ ነፋስ ነው የሚችለው። የውሃ ማስቀመጫው ሰው አሁን የሚይዘውን ትልቅ የብረት ኮዳ አይቀበልም።

ስለ ጭቃ ላውራ፤ ይህ የኛ የሠራተኞቹ ልዩ ችግር ነው። ከእኛ ብዙዎቹ መኪናቸው የሥራ መኪና ነው። ጠዋት ተጫውተው ከሰዓት ኡበር ይነዳሉ። ኢስት ፖቶማክ ከወንዙ እኩል ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ወይም ውሃው ሲሞላ ሜዳው ይረጥባል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ያ ቀይ ሸክላ አፈር አለ። ጎማው ላይ ይጋገራል፣ የታጨደ ሣር ይለጠፍበታል። ጋሪው ታጥፎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሲገባ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ናቸው፤ ምንጣፉን፣ ጣሪያውን፣ የተሳፋሪ ሻንጣ የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ ይቀባሉ። ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ሻንጣውን ሊያስገባ ሲከፍት የሚያየው ጭቃ ነው። ስለዚህ ሰውየው ድካሙ ሳይወጣለት መኪና ማቆሚያው ላይ ጎማ ሲፍቅ ይታያል። ጎማዎቹን የሚሸፍን ከረጢት ከጋሪው ጋር ቢመጣ ምን ነበረበት? ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋውም ለከረጢት የሚከፈል አይደለም። ጋሪውን ስታጥፉም ማጠፊያው ጣት ይቆነጥጣል። ብርድ ቀን ላይ ጣታችሁ ደንዝዞ ሲያዝ ሕመሙ ልብ ላይ ይደርሳል።

በእንክብካቤ ቸልተኞች ናችሁ እንዳትሉን፣ ጋሪውን እንንከባከበዋለን። ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ሣሩን ማራገፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በግፊት ውሃ አለማጠብ፤ የግፊት ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ አሸዋ ያስገባል፣ ግራሶውንም ያጥባል። በወር አንዴ የኋላ ጎማዎቹን አውጥቶ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሣርና ክር ማንሳት፤ እዚያ የሚከማቸው ነገር ነው ጎማውን የሚያስጮኸው። ማጠፊያዎቹ ላይ ሲሊኮን ቀባ ማድረግ፤ ዘይት ግን አቧራ ስለሚይዝ አይሆንም። ክረምት ሲገባ ላስቲኩን ፈትቶ ፍሬኑን ለቅቆ ማስቀመጥ፤ ታስሮ የከረመ ላስቲክና ተወጥሮ የከረመ ካቦ በመጋቢት አይሠሩም። ይህን ሁሉ እናደርጋለን። ያቺ ፕላስቲክ ግን ይህን ሁሉ አይታ አታዝንም፤ ሰዓቷ ሲደርስ ትሰበራለች።

ከዚያ ነው የመለዋወጫው መከራ የሚጀምረው፤ ሆዴን የሚቆርጠኝም ይህ ነው። የኔ መቆለፊያ ሲሰነጠቅ ሻጩ ጋ ደወልኩ። የተገዛበትን ደረሰኝ አምጣ፣ ፎቶ አንሳ፣ ቅጽ ሙላ ተባልኩ። ሞላሁ። ቆይቶ የመጣው መልስ ዋስትናው ፍሬሙን እንጂ «በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎችን» አይሸፍንም የሚል ነበር። ለመሆኑ ፍሬም ተሰብሮበት የሚያውቅ ማን ነው? የሚሰበረውን ትቶ የማይሰበረውን ዋስትና መስጠት ሰውን ማክበር አይደለም። እሺ በገንዘቤ ልግዛው ስል መቆለፊያዋ ለብቻዋ እንደማትሸጥ ተነገረኝ፤ ከሙሉው የላይኛው ክንድ ጋር ነው የምትመጣው። የክንዱ ዋጋና የመላኪያው ሲደመር ከአዲስ ጋሪ ዋጋ ግማሹን ያልፋል። ይህንንም ልክፈል ብዬ ስወስን ያ ሞዴል መቆሙ ተነገረኝ።

ደህና ጋሪ ከ200 እስከ 400 ዶላር ያወጣል። ይህ ለአንዳንዱ ትንሽ ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራና ከዚያው ላይ ለእናቱ ለሚልክ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ለማውጣት የሚሯሯጥ ድርጅት የዓምናውን ጋሪ መለዋወጫ መጋዘኑ ውስጥ የማስቀመጥ ጊዜ የለውም። የአዲሱ ሞዴል ልዩነት ምንድነው ብላችሁ ብትመረምሩ ቀለሙ፣ የስልክ መያዣው፣ የኳስ ማስቀመጫው ቦታ ነው። መቆለፊያዋ ግን በሁለት ሚሊ ሜትር ተለውጣለች፤ የአሮጌው ላይ አትገባም።

እንዲህ ባለ ጊዜ መርካቶ ይናፍቀኛል። ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ ያቺን መቆለፊያ አገላብጦ አይቶ፣ ከወደቀ ብረት ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ቀድሞ ከነበረችው የምትጠነክር አድርጎ ይሰጣችሁ ነበር። ያ ሙያ እዚህም አልጠፋም፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የማይታወቀው። ከጓደኞቻችን መካከል የማሽን ባለሙያ የነበረ አንድ ሰው አለ፤ የጋሼን የፊት ዘንግ በአሉሚኒየም ቀርጾ ሠራላቸው፤ እስካሁን አልተነቃነቀም። ስሪዲ ፕሪንተር ያላቸው ወጣቶች ደግሞ የተሰበረውን ለክተው ያትማሉ፤ ደህና ፕላስቲክ ከተጠቀሙ ይይዛል። ጀግኖች ናቸው። ግን አንድ ኩባንያ የሸጠውን ዕቃ ገዢው ጎረቤት ለምኖ እንዲያስጠግን የሚያደርግ ሥርዓት ምን ዓይነት ነው? ያን ፕላስቲክ በብዛት ሲያመርቱት የሚፈጅባቸው ሳንቲም ነው። ሁለት ሺህ ትርፍ አድርገው ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጡ መጋዘናቸው አይሞላም።

አሉሚኒየሙን ስንጥል ደግሞ ልቤ ያዝናል። ሃያ ዓመት የሚያገለግል ብረት ነው። በአዲስ አበባ ቢሆን አንድ ቤተሰብ የውሃ ጀሪካን ይገፋበት ነበር።

ጋሪው ሲሠራልን ደግሞ ሜዳው አያሠራንም። ብዙ ሜዳዎች ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በእግር መሄድን ይከለክላሉ፤ የባትሪውን መኪና ካልተከራያችሁ አትገቡም። ሌሎቹ በእግር መሄድን ይፈቅዳሉ፣ የመኪናውን ኪራይ ግን ከመግቢያው ጋር ደምረው ያስከፍላሉ፤ ተቀመጣችሁም አልተቀመጣችሁም ከፍላችኋል። የሚሰጡት ምክንያት እግረኛ ጨዋታ ያዘገያል የሚል ነው። ጎበዝ እግረኞች አራት ሆነው ከመኪኖቹ ኋላ ቆመው ሲጠብቁ በየሳምንቱ አያለሁ። አንድ መኪና ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ኳስ በስተግራ፣ አንዱ በስተቀኝ ነው፤ መኪናው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ እግረኛው ቀጥ ብሎ የራሱ ኳስ ጋ ደርሷል። እውነተኛው ምክንያት የኪራይ ገቢው ነው። እሱን በግልጽ ቢነግሩን እንረዳለን፤ ሜዳ መንከባከብ ገንዘብ ይጠይቃል። እኛን ዘገምተኛ ብሎ መሳደብ ግን አያስፈልግም።

አንዳንዱ የግል ክለብ ደግሞ በእግር መሄድን ፈቅዶ የሚገፋ ጋሪን ይከለክላል፤ ለዐይን አያምርም በሚል። እንግሊዝ አገር ክረምት ላይ ሣሩን ለመጠበቅ ጋሪ የሚከለክሉ ወይም ጉጥ ጉጥ ያለው የክረምት ጎማ ካልተገጠመ የማያስገቡ ክለቦች አሉ፤ መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ምክንያታቸው ይገባኛል። ከባትሪው ጋር 400 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መኪና በሚሽከረከርበት ሣር ላይ ግን ሰባት ኪሎ የሚመዝነው ጋሪዬ ይጎዳል መባሉ አይገባኝም። ኦሪገን ውስጥ ያለው ባንደን ዱንስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከፈት ጀምሮ በእግር ብቻ የሚኬድበት ነው፤ ሰው ከዓለም ዙሪያ ብዙ ከፍሎ ይሄድበታል። እግረኛ ኪሳራ ነው የሚሉን እሱን ይመልከቱ።

በእግር መሄድ የሚያስቸግረው የሜዳው አሠራርም ነው። በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሠሩት ሜዳዎች ላይ ከአንዱ ሆል ማለቂያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው መንገድ አስፋልት ተሻግሮ፣ የሰው ጓሮ ተከትሎ የሚኬድ ነው። ሜዳው የተነደፈው ሰው በመኪና እንዲሄድበት ታስቦ ነው። አሮጌዎቹ የከተማ ሜዳዎች ላይ ግን አንዱን ሆል ጨርሳችሁ ጥቂት እርምጃ ስትራመዱ ቀጣዩ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው የሕዝብ ሜዳ ተዘጋ፣ ለሌላ ነገር ዋለ ሲባል የምንደነግጠው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮናው ጊዜ ሁሉም ነገር ለአጭር ጊዜ ተገልብጦ ነበር። መኪና ውስጥ ሁለት ሰው መቀመጥ ሲከለከል ሜዳዎቹ ራሳቸው በእግር ሂዱ ማለት ጀመሩ፤ የሚገፋ ጋሪ ከየሱቁ አለቀ፣ ያገለገለውም በአዲሱ ዋጋ ተሸጠ። ያኔ እግረኛ ጨዋታ ያዘገያል ያለን አልነበረም። በሽታው ሲያልፍ የድሮው ደንብ ተመለሰ።

ባትሪ ያለውን ግዛ የሚሉኝ አሉ። ራሱ የሚሄድ፣ በሪሞት የሚታዘዝ ጋሪ አለ፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በአንዲት ፕላስቲክ የሚያስለቅሰኝ ድርጅት ሞተርና ባትሪ ሲጨምርበት ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል ስለማስበው አልገዛም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጋሪውን ሲሸጡልኝ አንዲት ትንሽ ከረጢት አብረው ይሽጡልኝ፦ ሁለት መቆለፊያ፣ አንድ የፊት ዘንግ፣ አንድ የፍሬን ካቦ፣ አራት የማጠፊያ ቀለበት፣ ሁለት ላስቲክ። ሃያ ዶላር ይጨምሩበት፣ ሠላሳም ይሁን። ዕቃውን የሚያሳይ ሥዕልና የሚፈታበትን ቅደም ተከተል ያስገቡበት። ካቻቢቴና ፒንሳ ቤቴ አለ፤ ቀሪውን እኔው እሠራዋለሁ። ይህን የሚያደርግ አምራች ካለ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ስልክ መያዣ ይኑረው አይኑረው ነገውኑ እገዛለሁ፤ ጋሼም ጓደኞቼም እንደዚሁ።